ቀጥ የሚለው ፕሮግራም

ተካልኝ ሆሳዕና ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ፣ በአርባ አንድ ዓመቱ ጠመኔውን አስቀምጦ ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ሰው ነው። አሁን ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ የሚሠራው ኢምፔሪያል አጠገብ፣ ከሱቆች በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ነው። አለቃው ናኦሚ በዕድሜ ልጁን ታክላለች። "ጋሼ" ትለዋለች፤ ሥራ ሲበላሽ ግን ጋሼነቱን አትቆጥርለትም።

ያን ሰሞን የተበላሸው ቦሌ ለሚ ውስጥ ላለ አንድ ልብስ ፋብሪካ የጻፈው የመጋዘን ፕሮግራም ነበር። አራት ወር ያለ እንከን ሠርቶ፣ ድንገት በየቀኑ ቀጥ ማለት ጀመረ። ስህተት አያሳይ፣ አይዘጋ። አጥፍተው ሲያስነሱት ምንም እንዳልነካው ይቀጥላል።

ተካልኝ ቢሮው ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ሞከረው። አልቆመም። ሁለት ሰው አንዱን መጋዘን በአንድ ጊዜ እንዳይነካካ ፕሮግራሙ ላይ ቁልፍ አድርጎበታል፤ አንዱ ጨርሶ እስኪለቅ ሌላው ይጠብቃል። ምናልባት ቁልፉ አንሶ ይሆናል ብሎ የመጋዘኖቹን ክምችት በሚያነበው የዕለቱ ሪፖርት ላይም ሌላ ቁልፍ ጨመረ። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ቆመ።

"ጋሼ፣ ምን አደረግከው?" አለች ናኦሚ።

"አጠናከርኩት።"

"ታዲያ ለምን ባሰበት?"

"እኔ እንጃ፤ ግራ ገብቶኛል።"

ሐሙስ ፋብሪካው ሄደና ዋናውን የጨርቅ መጋዘን ከሚይዙት ከጋሽ በዳሳ አጠገብ ተቀመጠ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢጠብቅ ምንም የለም። ሊያፍር ሲል፣ ለምሳ ጥቂት ሲቀር፣ ጋሽ በዳሳ የከሰዓቱን ጨርቅ ወደ ቆረጣ ክፍል ለመላክ ፕሮግራሙን ነኩት፤ ቀጥ!

"ይኸው፣ በዓይንህ አየኸው!" አሉ።

ወዲያው የቆረጣ ክፍሉን መጋዘን የምትይዘው ማዕዛ በሩ ላይ ብቅ አለች። "ጋሽ በዳሳ፣ የእርስዎም ስታክ አደረገ?"

"አንቺ ምን እየሠራሽ ነበር?" አላት ተካልኝ።

"የተረፈውን ጨርቅ ወደ እርሳቸው እየመለስኩ።"

ካርቶን አንስቶ በእስክሪፕቶ ሣለ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላኪውን መጋዘን ይቆልፋል፣ ቀጥሎ ተቀባዩን። ዋናው መጋዘን አንድ ቁጥር፣ የቆረጣው ሁለት ቁጥር ነው። የጋሽ በዳሳ ትእዛዝ አንድን ይዞ ሁለትን ይጠብቃል፤ የማዕዛ ሁለትን ይዞ አንድን። ማንም ሳይጨርስ አይለቅም፣ ሳያገኝ አይጨርስም። ሠርዞ እንደገና ሣለ። የሁለቱም አካሄድ ትክክል ነው። ሁለት ትክክል ነገር ተገናኝቶ ስህተት ሲሆን በሒሳብ አላየም ነበር።

"አራት ወር ሙሉ የት ተደብቆ ነው?" አለ ለራሱ።

"ድሮ ትርፍ ጨርቅ የምንመልሰው ዓርብ ዓርብ ነበር፣ እርሳቸው ከወጡ በኋላ" አለች ማዕዛ። "ከሰኔ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በፊት ሆነ።"

"ምነው ለእኔ አልተነገረኝም?"

"አልጠየቁንማ።"

ማንም ይላክ ማን፣ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር በመጀመሪያ፣ ሁለት ቁጥር ቀጥሎ እንዲቆለፍ አድርጎ አስተካከለው። አሁን ዘግይቶ የመጣው ባዶ እጁን ይጠብቃል፤ የሌላውን መንገድ አይዘጋም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲልኩ አደረገ፤ አንዱ ለአፍታ ጠበቀ፣ ከዚያ ሁለቱም አለፉ።

"ጌታ ይመስገን!" አለ ተካልኝ።

ማክሰኞ ተመልሶ ቆመ።

አብራው ኮዱን ስታነብ የነበረችው ናኦሚ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። "ሪፖርቱ ላይ ሁለትን ይዞ አንድን የሚፈልገው ይሄ ቁልፍ የማን ነው?"

ተካልኝ አጎነበሰ። "የእኔ። ያኔ ሳጠናክር የጨመርኩት።"

አወጡት። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው አልደወለም። እሱ ግን ሰው እየጠራው እንኳ አይሰማም፤ ምሳ ላይ ጉርሻውን ይዞ ይፈዛል።

"አሁንስ ተስተካከለ?" አለችው ሚስቱ ፍሬ እሑድ ከቸርች ሲመለሱ።

"ይመስለኛል" አላት። "ኮዱ ውስጥ ሁለት ቁልፍ አብሮ የሚይዝ ዘጠኝ ቦታ አገኘሁ። እስካሁን አምስቱን መርምሬያለሁ።"