ኮምፒዩተሩ «ዝናብ» ያላት ልጅ

ትናንት ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን በአማርኛ ስታነጋግር ሰማኋት። ስልኩም ቀልጠፍ ብሎ መለሰላት። ሾፌሩ ዞር እንኳ አላለም፤ ተለምዷል። እኔን ግን ሐሳቤ ቡታጅራ ወሰደኝ።

ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ መምህርት ነበርኩ። በክረምቱ ዕረፍት ለታዳጊዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተግባር የሚያስተምር ካምፕ እዚያ ተከፈተና ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ ሄድኩ። በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ልጆቹ ሲበተኑ ጭቃውን እየመረጥኩ ወደ ተከራየኋት ክፍል እገባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስሜን የሚጠራ የለም። የዘቢዳር ተራራ እንኳ በጉም ተሸፍኖ ይውላል። ብቸኝነት እንደሚያስርብ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ የተቀቀለ በቆሎ ገዝቼ እበላና ሌላ ልገዛ እመለሳለሁ።

አንድ ሰሞን ኮምፒዩተሩን የሰው ድምፅ እንዲለይ አስተማርነው። እያንዳንዱ ልጅ ደጋግሞ ይናገራል፣ ድምፁ ይቀዳል፤ በኋላ ሲናገር ኮምፒዩተሩ ስሙን ይጽፋል። ከሰው ድምፅ ጋር እንዳያምታታው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን የዝናብ ድምፅም ቀድተን «ዝናብ» ብለን ሰየምንለት።

ራህመት እናቷ ስትሞት አባቷ በማረቆ ካለችው ከቆሼ ከተማ አምጥቶ አጎቷ ቤት ያስጠጋት ልጅ ነበረች። ስትናገር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምጿ አይወጣም። ተራዋ ደርሶ ስትናገር ስክሪኑ ላይ «ዝናብ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ራህመት ዝናብ ናት!» ብለው ልጆቹ ተንከተከቱ።

ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ እኔን አያውቀኝም ማለት ነው?»

«ኮምፒዩተሩ ድምፅሽን በደንብ አልሰማውም፤ የጣሪያው ዝናብ ሸፈነው። አብዝተሽ አውሪለት።»

«ምን ልበለው?»

«የፈለግሽውን።»

ከቦርሳዋ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝና ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። በአማርኛ ጀምራ ጥቂት ሳትቆይ ወደ አፍ መፍቻዋ ወደ ማረቆኛ ገባች። ከዚያ አላቆመችም። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ድምጿ ከፍ እያለ፤ አንዴ ቆጣ ብላ፣ አንዴ ሳቅ ብላ። አንድም ቃል አልገባኝም። ቆጮዬን እንደያዝኩ ሳልጎርስ አዳመጥኳት። ስትጨርስ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

የተቀዳውን ለኮምፒዩተሩ ሰጠነው፤ እስኪማር ጠበቅን።

«እስቲ ሞክሪው» አልኳት።

«አሰላሙ አለይኩም» አለችው።

ስክሪኑ «ራህመት» ብሎ ጻፈ።

«አወቀኝ! ቲቸር፣ አወቀኝ!» እኔ ያላየሁ ይመስል እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ካምፑ ሲያልቅ አባቷ መጥቶ ወደ ቆሼ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ያን ቀን ምን እንዳወራች አልጠየቅኋትም። ያወራችው ለእናቷ ይመስለኛል፤ ለእናት የተነገረ ደግሞ የእኔ አይደለም።

የዛሬዎቹ ማሽኖች የሚባለውን ሁሉ ይረዳሉ ይላሉ። የኛው ኮምፒዩተር የሚያውቀው ማን እንደተናገረ ብቻ ነበር፤ እኔም ከዚያ የበለጠ አላወቅሁም። አሁን ወልቂጤ ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሞልቷል፤ «ቲቸር!» የማልባልበት መንገድ የለም። ሆኖም አጠገቤ ተቀምጦ እንዲያ ልቡን የሚያወጣ ሰው ካጣሁ ቆየሁ።