በቆርቆሮ መጋዘን የበሰለ መድኃኒት

በቅርቡ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ የባዮቴክኖሎጂ እድገት ንግድን፣ አመራርንና የዕለት ኑሯችንን እንዴት እየለወጠ እንደሆነ ሲያስረዳ ሰማሁ። አንደበተ ርቱዕ ነው። ግድግዳው ላይ በበራው ምስል አንዲት ባክቴሪያ የሰውን ልጅ መድኃኒት ስትሠራ አሳየን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ያቺን ባክቴሪያ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ አውቃታለሁ። በደርግ ጊዜ የሠራችው መድኃኒት ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ፣ መጋላ ሰፈር ካለው ቤታችን ገብቶ ነበር። ከዚያ አመራር የሚባለው ነገር አገኘው። ይሄው ዛሬም ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

እናቴ ሀልዋ ሠሪ ነበረች። በስኳር የምትተዳደር ሴት በስኳር በሽታ ተያዘች። ስኳር ያኔ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደል፣ ሲያሰኘው ደግሞ ጭራሽ የሚጠፋ ነገር ስለነበር ሰፈርተኛው መቀለጃ አደረጋት።

«ከሱቁ የጠፋው ስኳር አንቺ ደም ውስጥ ተገኘ አሉ» ይሏታል።

«ታዲያ ብርጭቆ ይዘህ ና አቦ፣ ልቅዳልህ!» ትላለች።

የሠራችውን ሀልዋ አትቀምስም። ከድስቱ ጠርዝ ሲላቀቅ በዓይኗ፣ ሄሉ ሲገባ በአፍንጫዋ ታውቀዋለች። ቀማሿ እኔ ነበርኩ። አስተማሪ ስለሆንኩና የማስተምረው በጠዋቱ ፈረቃ ስለነበር ከቀትር በኋላ ከእሷ ጋር ነኝ። ኢንሱሊኗንም የምወጋት እኔ ነኝ። ፍሪጅ የለንም። ከደቻቱ ወንዝ ያመጣነውን አሸዋ በትልቁ ማሰሮ ውስጥ አድርገን፣ ውኃ እያጠጣን፣ ትንሿን ማሰሮ መኻሉ ቀብረን ብልቃጦቹን እዚያ ውስጥ እናስቀምጣለን። የድሬ ፀሐይ ጣራውን ሲያንጫጫው ያቺ ማሰሮ ውስጥ እጃችሁን ብትከቱ ቀዝቃዛ ነው። እናቴ ማንም እንዲነካት አትፈቅድም ነበር።

በዚህ መሀል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከውጭ አገር አጭር ኮርስ ወስዶ ተመለሰ። ሳይንስ ይዞ መጣ። በየሳምንቱ በምንጠራበት ስብሰባ ላይ ስለ ዓለም አፈጣጠር፣ ስለ ትራክተር፣ ስለ ንቃተ ኅሊና ያስተምረናል። አንድ ቀን ተራው የሕክምና ሆነ። እናቴን ያውቃታል፤ ሀልዋዋን እየገዛ ይበላል። ከፊት ተቀምጣ ሲያያት ምሳሌ ያገኘ መሰለው።

«ለምሳሌ እናታችንን ውሰዱ» አለ በጣቱ እያሳያት። «በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ። በሕይወት ያቆያቸው ግን ምንድን ነው? አሳማ ነው! የሚወጉት መድኃኒት ከአሳማ ቆሽት የሚወጣ ነው። ስለዚህ ያዳነን ሳይንስ ነው፣ ጓዶች!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሌላው አቀረቀረ። እናቴ ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

የተናገረው ውሸት አልነበረም። በመንግሥት መድኃኒት ቤት ከሚመጣው አንዳንዱ የበሬ፣ አብዛኛው የአሳማ ነበር፤ እኔ ከካርቶኑ ላይ እያነበብኩ ለእሷ አልነግራትም ነበር። የሚያንገበግበኝ እውነትን ይዞ የሠራው ሥራ ነው። የታመመችን ሴት በአደባባይ፣ በሰው ፊት፣ ለአንድ ጭብጨባ ብሎ! ሐኪም እንኳን ለብቻ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረውን ነገር በድምፅ ማጉያ ተናገረው።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌውን እምቢ አለች። ስለምናት ዋልኩ፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የሰፈራችንን ሸህ ጠራሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከበሩ ሥር ተቀምጠው በቀስታ አስረዷት። ሌላ መንገድ ጠፍቶበት ነፍሱ አደጋ ላይ ለወደቀ ሰው ሀራሙ ይፈቀድለታል፤ ዶሩራ ይባላል፣ የግድ ማለት ነው።

«ሌላ እስካላገኘሽ ድረስ ነው ታዲያ» አሏት።

«ሌላ እስካላገኘሁ» አለች እናቴ። ክንዷን ሰጠችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያው ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር የምትወጋው።

ጅቡቲና ድሬ በባቡር የምትመላለስ አክስት ነበረችኝ፣ የእናቴ ታናሽ። ነጋዴ ናት፤ ኮንትሮባንድ በሉት ከፈለጋችሁ። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ፣ ቀጥና ሄዳ ወፍራ የምትመለስ ሴት። የእህቷን ነገር ስትሰማ ጅቡቲ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ስታስስ ከረመች። አንድ ቀን ፔርሙስ ታቅፋ መጣች። በረዶው መሀል ሁለት ብልቃጥ።

«ከአሳማ አይደለም፣ ከበሬም አይደለም። ወላሂ ጠይቄያለሁ» አለች።

ብልቃጡን ይዤ ከመጋላ ወጥቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት ሲሸጡ የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጽሑፉን አነበቡት። ፊታቸው በራ።

«ይሄ አዲሱ ነው! ወሬውን አንብቤ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ግን ገና ዛሬ ነው። የሰውን ኢንሱሊን አሠራር ለባክቴሪያ አስተምረዋት፣ እሷ ናት በጋን ውስጥ የምትሠራው። እርሾ እንደሚያቦካው በይው። ከእንስሳ የተቆረጠ ነገር የለበትም። ብቻ ሙቀት አይወድም፣ አደራ።»

እቤት መጥቼ ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፤ «ጀርም? ጀርምስ ሀላል ነው?» ብላ ሸሁ ዘንድ ላከችኝ። ሸሁ ሳቁ። «እርጎሽን የሚያረጋልሽ ማን መሰለሽ በያት» አሉ።

በዚያ ቀን እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተወጋች። መርፌው ሲገባ እያየች «ቢስሚላህ» አለች። ያን ሰሞን እንደ ልማዷ እየተሳደበችና እየሳቀች ሀልዋዋን ታማስል ነበር። ሩቅ አገር ያለ ሰው፣ ምናልባት ስለ መጋላ ሰምቶ የማያውቅ፣ አእምሮውን አስጨንቆ አንዲት ሀልዋ ሠሪ ፊቷን ከግድግዳ እንድትመልስ አድርጓል። ሳይንስ ይሄ ነው። ለዚህ ባጨበጭብ አይቆጨኝም።

ሁለቱ ብልቃጦች ሊያልቁ ሲሉ አክስቴ ለብዙ ወራት የሚበቃ ይዛ መጣች። ድሬ ጣቢያ ስትወርድ ፊናንሶች፣ የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪዎቹ፣ ያዟት። እንደ ልማዷ ፔርሙሱን ከጨርቆቹ መሀል ጠቅልላ ደብቃው ነበር። «የእህቴ መድኃኒት ነው» ብላ ጮኸች። «መድኃኒት ከሆነ ለምን ደበቅሽው?» አሏት። ደብቆ መኖር የለመደች ሴት ምን ብላ ትመልሳለች? ጨርቁም መድኃኒቱም ባንድ ላይ ታሽጎ መጋዘን ገባ።

መጋዘኑ ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። በቀትር፣ ድሬ በሩን ዘግቶ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ግድግዳውን በእጅ መንካት አይቻልም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። ኃላፊው ከቢሮው ጥግ በቆመ ፍሪጅ ውስጥ ለስላሳ መጠጥ ደርድሯል።

«ስለ አላህ» አልኩት፣ «መስጠቱ ይቅርና እዚያ ፍሪጅህ ውስጥ አስቀምጥልኝ። ሙቀት ያበላሸዋል።»

«እህቴ፣ የታሸገ የመንግሥት ንብረት ነው። እሽግ ከተፈታ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለ። «የሚሰጥሽ ከቀበሌሽ ደብዳቤ ስታመጪ ነው።»

ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ። ጥሩ አድርጎ ተቀበለኝ። «ቀላል ነገር ነው፤ ነገ» አለኝ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ነው። «ነገ» አሉኝ። ቀጥሎ ሁርሶ ወደ ጦር ማሠልጠኛው ዘማች ሊሸኝ ሄዷል። «ነገ።» ማኅተሙ የተቆለፈበት ነው። «ነገ።» ማንም እምቢ አላለኝም። ሁሉም ሲያዝን፣ ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅ፣ ሁሉም ነገ ሲል ከረመ።

አሁን እዚህ ላይ ነው የምበግነው። የአሳማው መድኃኒት እቤት ማሰሮ ውስጥ አለ። እናቴ ግን ተመልሳ አልነካ አለች። የሸሁን ቃል አልረሳችውም።

«ሌላ እስካላገኘሽ ነው ያሉኝ» አለችኝ። «አሁን አግኝቻለሁ። መድኃኒቴ እዚሁ ድሬ ውስጥ ነው። ነገ ይሰጡኛል ብለውሻል። ታዲያ የቱ ጋ ነው የግዱ?»

ሸሁን መልሼ አመጣኋቸው። «የተቆለፈበት ነገር እንዳለ አይቆጠርም» አሏት።

«ያ ሸህ፣ ነገ ይከፈታል እኮ» አለቻቸው።

እምቢ ቢሉን ኖሮ፣ በግልጽ፣ በጭካኔ፣ «አንሰጥም፣ ከፈለግሽ ሙቺ» ብለው ቢያባርሩኝ ኖሮ፣ እናቴ በዚያው ቀን ክንዷን ትሰጠኝ ነበር። ግዱ ይመለስላት ነበር። እነሱ ግን ነገ አሉን። በዚያች ቃል እሷን ከመርፌዋ ከለከሏት።

በየቀኑ ውኃ ስትጠጣ ትውላለች፤ ሰውነቷ መነመነ። አንድ ቀን ስኳሩን ስታፈላ ፈንጥቆ እግሯ ላይ ወደቀ። የፈላ ስኳር ማለት የሚጣበቅ እሳት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መጋላን በጩኸት ያነቃንቅ ነበር። እሷ አልጮኸችም።

«አልተሰማኝም» አለች የራሷን እግር እንደ ባዳ እግር እያየች። ቁስሉ አልደርቅ አለ።

ደብዳቤው የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ለእኔ መስጠት አልፈለገም፤ ራሱ ሄዶ ዕቃውን አወጣው። ለሳምንቱ ስብሰባ ፈልጎት ኖሯል። እናቴን ስሟን ጠርቶ ወደ መድረኩ አስወጣት። እያነከሰች ወጣች። ፔርሙሱን፣ እሽጉ እንዳለ፣ በሁለት እጁ አስረከባት።

«አብዮቱ እናቶቹን አይረሳም!» አለ። «ቆጥረን አስገባን፣ ቆጥረን አስረከብን። አንድም አልጎደለም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። እናቴ ፔርሙሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ወረደች። ደስ ብሏት ነበር፤ ይሄን መካድ አልችልም። ክዳኑን ስከፍተው በረዶው ከቀለጠ፣ ውኃውም ከሞቀ ቆይቷል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳሁት። እንደ ምንጭ ውኃ መጥራት የነበረበት ነገር ደፍርሶ፣ ውስጡ ጭረት ጭረት ይንሳፈፋል።

ከዚራ ጋሼ ዘንድ በሩጫ ሄድኩ። አንዱን አዩት፣ ሌላውን አዩት፣ ሁሉንም አዩ። ቀስ ብለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«በስሏል ልጄ። እንዳትወጊያት» አሉኝ።

ስነግራት እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ክንዷን ዘረጋችልኝ። ከማሰሮው የአሳማውን አወጣሁ። ግዱ ተመልሷል። ለእግሯ ግን ዘገየ፤ ሆስፒታል ስናስገባት ሐኪሞቹ ያደረጉት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ መቁረጥ ነው። ጥፋተኛ የሚባል ሰው አልተገኘም። ኃላፊው እሽግ አልፈታም፣ ፊናንሱ ሕግ አስከብሯል፣ ሊቀመንበሩ ደብዳቤ ጽፏል። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል! ሐኪም ቢሆኑ፣ ነጋዴ ቢሆኑ፣ ሌባ እንኳን ቢሆኑ መድኃኒቱን ከሙቀት ያድኑት ነበር፤ ሌባ የሰረቀው ነገር እንዳይበላሽበት ይጠነቀቃል።

ቁስሏ ከዳነ በኋላ «ስብሰባ ውሰዱኝ» አለች። እኔና አክስቴ ግራና ቀኝ ደግፈን ወስደን ከፊት፣ ከድሮ ቦታዋ አስቀመጥናት። ሊቀመንበሩ ገባ። መፈክር ሊያሰማ «ሁላችሁም ተነሱ» አለ። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። እናቴ ተቀመጠች።

ዓይኑ አረፈባት። «እናታችን፣ ምነው አልተነሱም?» አላት፣ በትሕትና።

እናቴ ማንንም አንቱ ብላ አታውቅም፤ ድሬ ነው ያደገችው። የቀሚሷን ጫፍ ይዛ በቀስታ ወደ ላይ ሰበሰበች።

«አንድም አልጎደለም ብለህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለችው። «ና፣ ቁጠረኝ።»

ሁላችንም ቆመናል፣ እሷ ብቻ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ እግሯን አየ፣ ጣራውን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ አለ።