«ስልክ የምታነሳዋን ጥሪልኝ»

በፎን የሚደርቅ እርጥብ ፀጉር በሸተተኝ ቁጥር አንድ የድሮ ስልክ ጆሮዬ ውስጥ ያቃጭላል፤ ከእሱም ቀጥሎ የእማዬ ድምፅ «ሄሎ፣ ጉድ ሞርኒንግ፣ ሳሎን!» ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ደሜ ይፈላል። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም ይፈላል፣ ምን ላድርግ።

የምንኖረው ኩዌት፣ ማህቡላ የሚባል ሰፈር፣ አባባ በሹፌርነት የሚሠራበት ኩባንያ በተከራየው ፎቅ ላይ ነበር። እማዬ ደግሞ ሳልሚያ፣ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉር አጣቢ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላት ስታጥብና ቀለም ስትቀባ ውላ፣ የጣቶቿ ቆዳ ተላልጦ፣ ማታ ቅባት ቀብታ በጨርቅ ጠቅልላቸው ትተኛ ነበር። ሐኪሙ «ከውሃና ከቀለም ራቂ» ብሏታል፤ ፀጉር አጣቢ ከውሃ ርቃ የት ትገባለች? ስለዚህ እንግዳ ተቀባይዋ አገሯ ገብታ የቀረች ጊዜ፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ማዳም «ዘሃራ፣ ለጊዜው ስልኩን አንቺ ያዢ፤ ከቻልሽበት ወንበሩ ያንቺ ነው» ስትላት ቤታችን ሠርግ መሰለ።

በሙቀቱ ወራት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ ጋ እውል ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ቢጉዲኑን በየቀለሙ እየለየሁ፣ እሷ ስታወራ እሰማለሁ። እንግሊዝኛዋን የለቀመችው ከደንበኛና ከቴሌቪዥን ስለነበር፣ እንደ ብዙዎቻችን በ«ስ» የሚጀምር ቃል «እ»ን ሳታስቀድም አይወጣላትም፤ «እስትሬት ኦር ከርሊ?» ትላለች። አባባ ማታ ማታ «እስኪ እስትሬቱን ድገሚው» እያለ ያበሽቃት ነበር። እሱ ራሱ እኮ «እስፒድ» ነው የሚለው! እኔም ከሕንዳዊቷ አስተማሪዬ የቀዳሁትን አነጋገር ይዤ ስገባ ተያይዘው ይስቁብኝ ነበር፤ በሰው አነጋገር የማይስቅ ከቤታችንም አልነበረም። ግን መሳቅ ሌላ፣ የሰው እንጀራ መዝጋት ሌላ።

ሙቀቱ በረድ ሲል አንዲት አዲስ ደንበኛ መደወል ጀመረች፤ ኩዌት ሲቲ፣ ባንክ የምትሠራ ሴትዮ ናት። ትምህርት ከተከፈተም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእማዬ ጎን ስለማልጠፋ፣ ሲያወሩ እሰማቸው ነበር። ሴትዮዋ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ሥራ ሲይዛት ትሰርዛለች፣ ደግሞ ትደውላለች፤ በመሐል ስለ ልጆቿም ስለ መንገዱ መጨናነቅም ይጨዋወታሉ። እሷ ደግሞ እንደ ዓረቦቹ ሁሉ «ፐ» ስለማይሆንላት «አቦይንትመንት፣ ብሊዝ» ነበር የምትለው፤ እማዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ግር ብሏት አያውቅም። አንዴ «ወላሂ፣ እንዳንቺ ጥርት አድርጎ የሚናገር አላጋጠመኝም፣ ሀቢብቲ» ስትላት፣ እማዬ ስልኩን ዘግታ፣ መዳን በጀመሩት ጣቶቿ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ቅዳሜ ሴትዮዋ ራሷ መጣች። እማዬ ድምፅዋን ለይታ፣ ፊቷ በርቶ ብድግ አለችና፣ በስልክ እንደምትላት አድርጋ፣ ቃሉንም ዜማውንም ሳትለውጥ፣ እንኳን ደህና መጣሽ አለቻት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ግንባሯን ቋጠረች። «ምን? አልገባኝም።»

እማዬ ደገመችላት።

«አልገባኝም አልኩሽ። እንግሊዝኛሽ ይከብዳል። ስልክ የምታነሳዋን ጥሪልኝ፣ ብሊዝ።»

ኧረ በአላህ! ጆሮዋን ቤቷ ትታው መጥታ ነው? ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ «እሷ እኮ ናት!» ልል ስል፣ እማዬ በእግሯ ገፋ አደረገችኝ፤ ማዳም ከኋላ ቆማ እያየች ነበር።

«እሷ ዛሬ አልገባችም» አለች እማዬ፣ በዚያው በእንግሊዝኛዋ።

ይቺ ግን ገባቻት። «ምን ይደረጋል፣ የእሷ ይሻል ነበር» ብላ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ማዳም የስልኩን ገመድ አስረዝማ፣ ፎጣ ከሚቀመጥበት መጋረጃ ጀርባ አስገባችው፤ ወንበሩን ለሌላ ሴት ሰጠች። «ድምፅሽን ይወዱታል ዘሃራ፤ ፊት ለፊት ሲሆን ነው የሚቸገሩት» አለቻት፣ ሽልማት የሰጠቻት ይመስል። ፊት ለፊት ሲሆን ምኑ ተለወጠ? ምላሷን አልቀየረች! ስልኩ ዝም ሲል እማዬን ወደ መታጠቢያው ይጠሯት ነበር፤ ብርዱ ሳያልፍ ጣቶቿ እንደገና ተላላጡ። አባባ «አብሽሪ» ይላት ነበር፤ «እስትሬት»ንም ከዚያ ወዲህ አላነሳባትም።

ዛሬ እኔ ኩዌት ሲቲ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ስልክ አነሳለሁ። እዚሁ አድጌ እዚሁ ስለተማርኩ «እ»ዋ እንኳ ከአፌ ጠፍታለች። ባለፈው ሳምንት፣ በስልክ ደጋግሞ ያመሰገነኝ ሰውዬ መጣና፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ደንቆሮ እንደሚያናግር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግሊዝኛ... የሚችል... ሰው... አለ?» አለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ስነግራት እማዬ እጇን ቅባት እየቀባች ሳቀች።

«ታዲያ ‹ዛሬ አልገባችም› አትይውም?»

«ለምን ብዬ? ‹በስልክ ያናገርኩህ እኔ ነኝ› አልኩት እንጂ።»

«ደግ አደረግሽ። እሱስ ምን አለሽ?»

እሷ መጋረጃ ጀርባ ገባች፣ እኔ ወንበሩ ላይ አለሁ፤ ለውጥ ከተባለ ይኸው ነው። ሰውዬው ግን፣ ከኋላዬ ያለውን በር እያየ፣ ሌላ ሰው እስኪወጣለት ይጠብቅ ነበር።