የቅዳሜ ሰርቨሮቻችንና የጋሼ አዳነ ዝምታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ አንድ ብሩሽና አንድ የክፍል ቁልፍ ነበር። ደብረ ታቦር ካለ አንድ ኮሌጅ የአይሲቲ ክፍል በጀማሪ ባለሙያነት ተቀጥሬ ስገባ ኃላፊዬ አቶ ምናለ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዱኝና «ሰርቨሩ ይኸውልሽ» አሉኝ። ያሳዩኝ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ ጎኑ የተከፈተ ተራ ኮምፒውተር ነው። አቧራውን አራገፍኩ፣ ማራገቢያውን አጸዳሁ፣ ገመዶቹን በየተራ እየነቀልኩ መልሼ ሰካሁ። ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ድምፁ እንደ ወፍጮ ነበር። አቶ ምናለ ከበሩ ላይ ሆነው አዳመጡና ከሠራ የእሳቸው፣ ከሞተ የእኔ መሆኑን ነግረውኝ ሄዱ።

በላዩ የተጫነው የኢሜይል ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ የሚሉት ዓይነት ነው። ፈቃድ አይገዛም፤ የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚያሳድጉት በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው። ደብዳቤ ይልካል፣ ይቀበላል፣ የጋራ ቀን መቁጠሪያና የጋራ ፋይል ማስቀመጫ አለው። ከጀማሪ ባለሙያነት ተነሥቼ የክፍሉ አስተባባሪ እስክሆን ድረስ እጄ ከእሱ አልተለየም። ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ የማወራው ደስ የሚል ነገር ሞልቶኛል። ዛሬ የምጽፈው ግን የሚቆጨኝን ነው። ጋሼ አዳነ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድላቸውን እኛው በሠራነው ኢሜይል አጡ።

ጋሼ አዳነ ገሳይ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚያስተምሩ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ያወቅኋቸው ለክረምት ሥልጠና ኮሌጃችን መጥተው ኢሜይል ስንከፍትላቸው ነው። ስክሪኑን ገርመም አድርገው ለአማርኛ መምህር በእንግሊዝኛ የሚያዝዝ ዕቃ ማን እንዳመጣ ጠየቁኝ። መተርጎም ይቻላል፣ ማንም ሰው ተርጉሞ ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች መላክ ይችላል አልኳቸው። ማንን አስፈቅደን አሉ። ማንንም አልኩ። አላመኑኝም፤ ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እየመጡ ያንኑ ይጠይቁኝ ነበር።

በመስከረም ስልክ ደወሉልኝ፤ ነገሩን በደቦ እንሠራዋለን አሉ። ደቦ ከዚያ በፊት ለአጨዳ እንጂ ለኮምፒውተር ሲጠራ አልሰማሁም። እሳቸው ግን አልቀለዱም። ከየመሥሪያ ቤቱ ፈቃደኛ ሰዎችን ሰበሰቡና ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ ላብራቶሪ እየተገናኘን መተርጎም ጀመርን። ክርክሩ ከሥራው ይበልጥ ነበር። የደረሰንን ደብዳቤ ለሌላ ሰው መላኪያ ቁልፉን ጋሼ አዳነ «አስተላልፍ» እንበለው ሲሉ፣ የኮሌጁ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይዘሮ የሺ አሻፈረኝ አሉ። «ደብዳቤ ይመራል እንጂ አይተላለፍም፤ የሚተላለፍ ጉንፋን ነው» አሉ። «ምራ» ተብሎ ተጻፈ።

ትርጉሙን ላክን። የሚቀጥለው የሶፍትዌሩ እትም ሲወጣ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ነበር። ጋሼ አዳነ በማለዳው መኪና ከገሳይ መጥተው፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። እኔ አለቀስኩ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ወሬው በዞኑ ተሰማ። ትምህርት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ አንዳንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እኛም እንግባ አሉ። መጀመሪያ ሁሉንም በኮሌጁ ሰርቨር ላይ አስገባናቸው። ነገር ግን መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ገሳይ ያለው ሰው አጠገቡ ላለው ባልደረባው እንኳ መጻፍ ያቅተው ነበር። ስለዚህ ለየቦታው ትንሽ ትንሽ ሰርቨር እንትከል ተባለ። ሰው የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር እየለመንን፣ በጋቢ ጠቅልለን በሚኒባስ እየጫንን፣ በየቅዳሜው አንድ ቦታ እንሄዳለን። አዲስ ዘመን ከተማ ተከልን፣ ሐሙሲት ተከልን፣ ንፋስ መውጫ ተከልን። እንደ ደቦ ሥርዓት ምግቡ የጠሪው ነው። ገሳይ ስንሄድ የጉና ተራራ ብርድ ጣታችንን ስለሚያደነዝዘው ትኩስ ቅቅል ድንች በዳጣ ሳንበላ የኮምፒውተር ቁልፍ አንነካም ነበር።

ችግሩ የገባው በዚህ ዕድገት ነው። ሁሉም በአንድ ሰርቨር ሳሉ ደብዳቤው የቤት ውስጥ ስለሆነ ማጣሪያ አይነካውም ነበር። ሰርቨሩ ሲበዛ ግን የገሳይ ደብዳቤ ለደብረ ታቦር፣ የደብረ ታቦሩም ለገሳይ የውጭ እንግዳ ሆነ፤ የማስታወቂያና የአጭበርባሪ ደብዳቤ የሚያስቀረው ማጣሪያ ይፈትሸው ጀመር። ያ ማጣሪያ የለመደው የላቲን ፊደል ነው። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ በእኛ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣበት ብዙውን ጊዜ ይጠራጠርና ይይዘዋል። ለላኪው አይመልስም፣ ለተቀባዩ አያሳይም፣ ጥቂት ሳምንታት አቆይቶ ያጠፋዋል።

ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። የእኛ የሰርቨር ጠባቂዎቹ አድራሻ ከማጣሪያው ነጻ ስለነበር የሙከራ ደብዳቤያችን ሁሉ ይደርስ ነበር። የተያዘውን ደግሞ የምንከፍተው ደብዳቤ ጠፋብኝ የሚል ሰው ሲያመለክት ብቻ ነው፤ የሰው ደብዳቤ መበርበር ነውር ነውና። ያመለከተ ሰው አልነበረም።

እጠይቃቸው ነበር እኮ። በየሩብ ዓመቱ በየቦታው እየዞርኩ ኢሜይሉ እንዴት ነው እላለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው ይሉኛል። ምን ጎደለ ስል ኧረ ምንም ይሉኛል። በሪፖርቴ ላይ ቅሬታ አልቀረበም ብዬ እጽፋለሁ፤ አቶ ምናለም በስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል።

ተጠቃሚዎቹ ግን የራሳቸውን መላ አግኝተው ነበር። ርዕሱ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ደብዳቤው ያልፋል። ይህን በጆሮ በጆሮ ተነጋገሩት። አማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል እየጻፉ ሲልኩ እኔም አይቻለሁ፤ የስልክ ስንፍና መስሎኝ ስንት ቅዳሜ ደክመን አማርኛ ካደረግንላችሁ በኋላ መልሳችሁ ፈረንጅ ሆናችሁ እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። ይስቃሉ። ስቀው ዝም ይላሉ።

በዚህ መሐል ነው ጋሼ አዳነ ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከቱት። የትምህርቱን ወጪ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት የዕድሜ ገደብ ስለነበረው ለእሳቸው የመጨረሻው ዙር ነበር። ልጆቻቸውን አስተምረው እስኪጨርሱ የራሳቸውን ሲያዘገዩት ቆይተው ነው። የሚወዱት የአገሩን የእረኛና የአጫጅ ግጥም ነበር፤ በእሱ ላይ ሊጽፉ ተዘጋጅተው ገበሬ ቤት እየዞሩ መሰብሰብም ጀምረው ነበር። የመግቢያ ፈተናውን ተፈተኑ። ቅጹ ላይ አድራሻ ሲሞሉ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን የውጭ ኢሜይል ቢሰጡ እንደሚሻል የመከራቸው ነበር። የራሴ ቤት እያለ በሰው ቤት ደብዳቤ አልቀበልም ብለው የገሳዩን ሰርቨር አድራሻ ጻፉ። ይህን ሲነግሩን ሁላችንም ኮራን።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። በየቅዳሜው መጣ ወይ እንላቸዋለን፤ ገና ነው ይላሉ። ፈተናው ከብዷቸው ይሆናል ብለን መጠየቁን ቀነስን። ኋላ አብረዋቸው የተፈተኑ ሌላ መምህር ትምህርት መጀመራቸውን ሲሰሙ ተሳፍረው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዱ። የሬጅስትራሯ ጸሐፊ ስክሪኗን አዙራ አሳየቻቸው፤ ማለፋቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ ከተላከ ሰንብቷል። ርዕሱ ጥርት ባለ አማርኛ ተጽፏል። ምዝገባው አልቆ ቦታቸው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል።

ከዚያ ሲመለሱ ቀጥታ ወደ እኔ ቢሮ መጡ። የሆነውን ተረጋግተው፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩኝ። የገሳዩን ማጣሪያ መዝገብ ከፈትኩ። ደብዳቤው መጥቷል፣ ተይዟል፣ ጠፍቷል። በአማርኛ ርዕስ የተያዙ ሌሎች ብዙ ደብዳቤዎችም ከላይና ከታች ተደርድረዋል። ጋሼ አዳነ አጠገቤ ቆመው ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን መገረም አጣሁ።

«ጋሼ፣ አንቱ ይህን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ውባለም፣ አንቺ የገበሬ ልጅ ነሽ። ደቦ የመጣ ሰው ነዶውን አላልቶ ቢያስር ባለቤቱ ይናገራል? ሰው ሲሄድለት ራሱ ፈትቶ ያስረዋል እንጂ። ቅዳሜያችሁን ትታችሁ፣ በብርድ ተንቀጥቅጣችሁ የተከላችሁልንን ጎደለ ብዬ በምን ዓይኔ አያችኋለሁ? ላቲኑን ለመድኩት፣ ለሌላውም አስለመድኩ። የዩኒቨርሲቲዋን ጸሐፊ ግን ማን ይንገራት? አማርኛ ታውቃለች፣ በአማርኛ ጻፈች።»

«አንቱም እኮ ሰርቨሩን ከተከሉት አንዱ ነበሩ።»

«እሱ ነው የባሰው» አሉና ተነሡ።

አቶ ምናለ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፈው ጥፋቱ የሰርቨሩ እንጂ የአመልካቹ አለመሆኑን ለዩኒቨርሲቲው አስረዱ። እኔም ሄጄ ዲኑን አነጋገርኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ አዝነው ሰሙኝ። የገባውን ተማሪ ግን ማስወጣት አልችልም አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የዚያኑ ሳምንት ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች የሆነውን ሁሉ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ከመካከላቸው አንዱ በማግስቱ መለሰልኝ። በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ስለመያዙ የነገራቸው ሰው እንዳልነበረ ገልጾ፣ ባለቤቶቻቸው ከፈቀዱ ተራ የሥራ ደብዳቤዎችን ለናሙና እንድንልክ ጠየቀ። ከየቦታው ለምነን ሰብስበን ላክን። ማጣሪያው ፊደላችንን እንዲለይ ተደረገ፤ ማስተካከያው ወር እንኳ አልፈጀም። ሰውዬው በመጨረሻ ደብዳቤው ላይ ችግሩ ከዓመት በላይ ከቆየ ለምን ቀድማችሁ አልጻፋችሁም ብሎ ነበር። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ። ጽፌ አጠፋሁት፤ ደግሜ ጽፌ አጠፋሁት። አመሰግናለሁ ብቻ ብዬ ላክሁ።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜያችን ገሳይ ዋለ። ከየሰርቨሩ ተጠቃሚዎች ተጠርተው ክፍሉ ሞልቷል። ተነሥቼ የደረሰውን ተናገርኩና የጎደለውን ሁሉ ዛሬ ንገሩን አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንድ ሽማግሌ የማኅበር ጸሐፊ ኧረ ምንም አልጎደለም፣ እግዜር ይስጣችሁ አሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ እንዲህ ሲሉ ንዴትም ልቅሶም ያዘኝ።

ጋሼ አዳነ ከኋላ ወንበር ተነሡ። እኔ ልጀምር አሉ። ቀን መቁጠሪያው ጳጉሜን ዘሎ መስከረም ይገባል። ከስልክ ሲከፈት የላኪው ስም ግማሹ ይቆረጣል። የይለፍ ቃል የረሳ ሰው መመለሻ የለውም። «ምራ» የሚለውን ቁልፍ ሰዎች «መልስ» ነው ብለው እየነኩ ደብዳቤያቸውን ላልሆነ ሰው ልከዋል። ወይዘሮ የሺ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ጋሼ አዳነ አላቆሙም፤ እሳቸው ሲጨርሱ የማኅበሩ ጸሐፊ ቀጠሉ፣ ከዚያ ሌላው። እኔ እጄ እስኪዝል ጻፍኩ።

ማታ መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር አብረውኝ ቆሙ። ያን ሁሉ ጉድለት መቼ እንዳዩት ጠየቅኋቸው።

«አብዛኛውን በመጀመሪያው ዓመት» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጉብኝት ሥራዬን ቀየርኩ። ኢሜይሉ እንዴት ነው ብዬ ሰው አልጠይቅም። አጠገቡ ወንበር ስቤ እቀመጥና ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሲልክ፣ ሲፈልግ ዝም ብዬ አያለሁ፤ እጁ የሚያመነታበትን ቦታ ብቻ እይዛለሁ። ከእኔ በኋላ የመጡትም እንዲሁ እንዲያደርጉ አስተምሬአቸዋለሁ። በነጻ የሠሩለትን ሥራ ሰው አያማም፤ ስለዚህ ዝም ማለቱ ሥራው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ይህን የተማርነው ግን ዘግይተን ነው፤ ጋሼ አዳነ በመጀመሪያ ዲግሪያቸው ጡረታ ወጡ።