የመርፌ ወፍ ስድስት ሰከንድ

አጎቴ ቁልፍ ይቀርጻል። እኔ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤትና የእሱ ሱቅ አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ፣ ማሽኑ ብረት መብላት ሲጀምር የእኔም ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ሱቁ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው ትከሻውን አጥብቦ የሚገባበት ነው። በስተግራ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ምስማር ነው፤ በየምስማሩ ገና ጥርስ ያላወጡ ጥሬ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። መሀል ላይ ማሽኑ፣ ከጎኑ ሞርሳና ሞረድ አለ። ከማሽኑ በላይ ደግሞ ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከስምንት ዓመት በፊት የገዛችለት የጆሮ መከለያ ተሰቅሏል። አንድም ቀን አድርጎት አያውቅም። ባለቤታቸው ሳይመጣ የቀሩ ቁልፎችን ያንጠለጥልበታል።

በስተቀኝ ግን ቁልፍ የለም። እዚያ ያለው ከፈረሰ ትምህርት ቤት ያመጣው ጥቁር ሰሌዳ ነው። በአራት ተከፍሏል፤ ቀን፣ ወፍ፣ ቦታ፣ ያየው ሰው። ጸደይ ገብቶ ወፎቹ ከሄዱበት መመለስ ሲጀምሩ፣ የሰፈራችን ወፍ ተመልካቾች ያዩትን የሚጽፉት እዚህ ላይ ነው። አሥር ያህል ናቸው። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ሰሌዳውን ያነባል፤ አንዳንዱም እየሳቀ ይወጣል።

ከሁሉም የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሾፌሩ ነው። መሪ እንደያዘ ስለሚያይ ቦታውን የሚጽፈው በፌርማታ ነው።

"ሽመላ፣ ሦስት፣ ከገበያው ፌርማታ በላይ" ብሎ ጻፈ አንድ ቀን።

"ሦስት ብቻ? ሽመላ ሦስት ሆኖ ይሄዳል እንዴ?" አለው አጎቴ።

"ሌሎቹ ሊመጡ ሲሉ መብራቱ አረንጓዴ ሆነብኝ።"

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር አሉ፤ ዳክዬ ሁለት ጊዜ ሳይቆጥሩ ጠመኔ አይነኩም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ነርሷ ተጨምራለች፤ ደፋር ናት፣ ቶሎ ትስቃለች፣ ቶሎ ትቆጣለች። እኔ የወሩን ሰሌዳ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ አባዝቼ አድላቸዋለሁ። "ቴሌግራም እንክፈትና እንገላገል" ያሉ ጊዜ አጎቴ "ስልክ ውስጥ የገባ ወፍ አይታመንም" ብሎ ዘጋው።

እሱን ጋሽ ጆሮ ይሉታል። እኛ ወፍ ለማየት አንገታችን እስኪቀጭ ቀና ስንል፣ እሱ መሬት መሬቱን እያየ "ከኋላችሁ ነው፣ ሁለተኛው ዛፍ ላይ" ይላል። ይሆናልም። በጣም የሚታወቀው ግን በመርፌ ነው። መርፌ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ወፍ ናት። መጽሐፍ ላይ ረጅም ስም አላት፤ ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ስለሚወጋ ነው መርፌ ያልናት። ጥድ ጫፍ ላይ ስለምትኖር ዓይን አያገኛትም። መጀመሪያ ትሰማለች፤ ዕድል ያለው በኋላ ያያታል። በየጸደዩ ቀድሞ የሰማት ሰው ስም በሰሌዳው የላይኛው ጥግ ላይ ተጽፎ እስከሚመጣው ጸደይ ይቆያል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ጥግ ላይ የነበረው የአጎቴ ስም ነው። ደብተር አለው፤ የእያንዳንዱን ዓመት ዜማዋን በሰዓቱ ለክቶ ይዟል። ስድስት ሰከንድ። ትንሽ ብታንስ፣ ትንሽ ብትበልጥ እንጂ ከስድስት አትርቅም።

ዘንድሮ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ዳቦ ሊገዛ ወጣ ሲል ነርሷ ገብታ ጽፋ ሄደች። "መርፌ፣ አንድ፣ ጥድ ጫካው፣ ነርሷ።"

አጎቴ ዳቦውን እንደያዘ ሰሌዳው ፊት ቆመ።

"መቼ ጻፈችው?"

"አሁን። ወደ ሥራ ስትሄድ" አልኩት በበሩ ብቅ ብዬ።

"መርፌ ገብታ ኖሮ እኔ አልሰማሁም?" አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነው የነበረው። ጠመኔ አንስቶ ከጽሑፏ ጎን የጥያቄ ምልክት አደረገ። "ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ራሳችን እናረጋግጣለን።"

ያን ዕለት ማታ ቤታቸው እራት በላሁ። እትዬ ጓሮ ልብስ እያወረደች ነበር፤ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ምድጃው ላይ የተጣደው ማንቆርቆሪያ ማፏጨት ጀመረ። አጎቴ ከአጠገቡ ተቀምጦ ደብተሩን ያገላብጣል። ማንቆርቆሪያው እሪ ይላል፤ እሱ ገጽ ይገልጣል። እጄን አድርቄ ልሄድ ስል እትዬ እየሮጠች ገባች።

"አንተ ሰውዬ! ውሃው ተንኖ አለቀ እኮ! ወፍ ሲጠራህ ትሮጣለህ፣ ቤትህ ሲጠራህ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ!"

"ምን ጠራኝ?" አላት። የሚያሾፍባት መስሏት ቂም ይዛ ተኛች።

ረቡዕ ጠዋት ከውሃ ማጠራቀሚያው በስተጀርባ ወዳለው የጥድ ጫካ ሄድን። ጤዛው ጫማዬን አራሰው። አጎቴ ከትልቁ ጥድ ሥር ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ፤ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አደረገ።

"ግንደ ቆርቁር" አለ በሹክሹክታ። "ከማጠራቀሚያው ወዲያ። ሰማሽው?" እኔ እሱ እስኪለኝ ድረስ ልብ አላልኩም ነበር። "ዋኔም አለች፤ ሁለት ናቸው።" እውነቱን ነው፤ ሁለት ነበሩ።

ያኔ ነው መርፌ የጀመረችው። ልክ ከራሳችን በላይ። ቀጭን፣ ፈጠን ፈጠን ያለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚሾልክ። ደስ ብሎኝ ወደ አጎቴ ዞርኩ። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ፊቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

አቆመች። እንደገና ጀመረች።

"ይኸው" አለ ዓይኑን ገልጦ፣ እሷ እየዘመረች። "ዝም ነው። አልገባችም።"

አፌን ከፍቼ ነበር። ሰውን በዕድሜዬ ሁሉ አርሜ አላውቅም፤ እሱን ደግሞ እንዴት ብዬ? "ሥራ ረፈደብኝ ጋሼ" አልኩት። ሱቁ ስንደርስ የሰሌዳውን መጥረጊያ አንስቶ የነርሷን መስመር አጠፋው። እኔም ገብቼ የሰው የልደት ምስክር ወረቀት አባዛሁ፤ አንዱን ገጽ ሁለቴ አወጣሁት።

ቅዳሜ ተሲያት ላይ ሁሉም የሚሰበሰቡበት ሰዓት ነው። ሾፌሩ በር ላይ ተደግፏል፤ መምህሩ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ናቸው። የቤቷ ቁልፍ የጠፋባት አንዲት የማናውቃት ሴት ተጨማሪ ቁልፍ እየጠበቀች ነበር። እኔ የወሩን ዝርዝር ልገለብጥ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ። ነርሷ ገብታ ሰሌዳውን አየች፤ አጥብቃ አየችው።

"ጋሽ ጆሮ፣ የእኔን እርስዎ ነዎት ያጠፉት?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ስላልነበረች። ረቡዕ ሄደን አዳምጠናል። እሷም ነበረች" አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። የነርሷ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። የያዝኩትን ወረቀት ጠርዝ በጠርዝ ማስተካከል ጀመርኩ።

"ዋሽታለች እያሉኝ ነው?"

"ኧረ! ተሳስታለች ነው ያልኩት። አዲስ ሰው ይሳሳታል። ድንቢጥም ስትጨነቅ ቀጭን ነገር ታወጣለች።"

"ድንቢጥ!" ነርሷ ወገቧን ያዘች። "እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት ውስጥ ሳዳምጥ የምውል ሰው ነኝ! የሳንባና የልብ ድምፅ ለይቼ ድንቢጥ ይጠፋኛል?" ስልኳን አወጣች። "ለማንኛውም ዛሬ ጠዋት ሄጄ ቀድቻታለሁ።"

"በቃ፣ ወፏ ስልክ ውስጥ ገባች" አለ ሾፌሩ፤ ሁላችንም ሳቅን። አጎቴም ሳቀ። ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አስጠጋ።

ከስልኩ ውስጥ ነፋስ መጣ። ሩቅ መኪና። ከዚያ መርፌ፤ ጥርት ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

አጎቴ ስልኩን መለሰላት። "ነፋስ ነው የቀዳሽው" አለ በደግነት። "መኪናም አለበት። ራቅ ብላ አንዲት ዋኔ። ሌላ ምንም የለም።"

ሾፌሩ ለቀልድ የከፈተው አፉ ባዶውን ቀረ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ንጹሕ ነበር። የነርሷ ቁጣ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት።

ምንም ያልገባት ባለቁልፏ ሴት ናት ዝምታውን የሰበረችው። "እንዴ፣ እንግዲህ ወፏ ይህቺ የምታፏጨው ናት? ስታምር! እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።"

አጎቴ ሴትዮዋን አየ። ሾፌሩን አየ። መምህሩን አየ። መጨረሻ ላይ እኔን።

"ትሰሚያለሽ?"

"እሰማለሁ ጋሼ።"

"ረቡዕስ?"

"ሰምቻታለሁ።"

"ከወዴት በኩል?"

"ከራሳችን በላይ።"

ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ዞረና የሴትዮዋን ጥሬ ቁልፍ ማሽኑ ላይ አሰረ። ማሽኑ ጮኸ። ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን፤ እሱ አልያዘም። ጥርሶቹን በሞረድ አለሰለሰ፣ ብናኙን እፍ አለ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰና ሰጣት። "ከከበደሽ መልሰሽ አምጪው" አላት፤ ለማንም እንደሚለው። እሷ ስትወጣ ጠመኔውን አነሳ።

"ማክሰኞ ነበር አይደል?"

"ጋሽዬ፣ ይተዉት፤ ምን ያደርጋል?" አለች ነርሷ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

"ማክሰኞ" አለና መስመሩን እንደነበረ መልሶ ጻፈው። ከዚያ ወንበሩን ከመምህሩ ለምኖ፣ ወጥቶበት፣ የላይኛውን ጥግ በእጅጌው ጠረገ። በስሙ ቦታ "ነርሷ" ብሎ ጻፈ። ሲወርድ ሾፌሩ ክንዱን ያዘው፤ እሱም አልከለከለውም።

"ይህን ያደረገው ማሽኑ ነው" አለችው ነርሷ ቀስ ብላ። "መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ወፍራሙ ስለሚቀር ሰው አይታወቀውም።"

"ይመለሳል?"

ነርሷ ሰው የምትደልል አይደለችም። "የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል። ሰኞ ይምጡና ይመርመሩ፤ ካልመጡ መጥቼ እወስድዎታለሁ።"

ማታውኑ ለእትዬ ነገራት። ማንቆርቆሪያውን አየችው፤ እሱን አየችው። "እኔ እኮ" አለች፣ "የናቅከኝ መስሎኝ ነበር።" ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ሲፈላ ራሷ መጥታ ትከሻውን ትነካዋለች።

ሰኞ ከጤና ጣቢያው ሲመለስ ባለቤት ያጡትን ቁልፎች ከጆሮ መከለያው ላይ አንድ በአንድ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። መከለያውን አደረገው። አድርጎት ሲያወራ ስለሚጮህ ከማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ "ምን አጠፋሁ?" እያለ ይመልስለታል። "ግንደ ቆርቁሩንም እንዳላጣ ነው" አለኝ፤ ሳልጠይቀው።

የዚያኑ ሳምንት እሑድ ጠዋት በሬን አንኳኳ። የአቅርቦ ማሳያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አጥልቋል፤ በጆሮው እየተማመነ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የረሳውን። ጫካው ሊጀምር ሲል ቆመ።

"አምና ሰምቻታለሁ ብዬ ጽፌያለሁ" አለ። "እንጃ። ቀኗ ስለደረሰ ይሆናል የሰማሁ የመሰለኝ። የአምናው ዝርዝር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊበት።"

"እሺ ጋሼ። ረቡዕ ልነግርህ ይገባኝ ነበር" አልኩት።

"ይገባሽ ነበር" አለ። አልተቆጣም፤ አላቃለለውምም። "ዛሬ ንገሪኝ።"

ከትልቁ ጥድ ሥር ቆምን። የእጅ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ክንዱን ሰጠኝ።

"ስትጀምር ጫን አድርጊኝ። ስትጨርስ ልቀቂኝ። እንዳታታልዪኝ፤ ካልመጣች አልመጣችም።"

ብዙ ጠበቅን። እግሬ ደነዘዘ። ከማጠራቀሚያው ወዲያ ግንደ ቆርቁሩ ሥራውን ቀጥሏል፤ አጎቴ ሲሰማው በአገጩ ወደዚያ ያመለክተኛል። ከዚያ ከላይ፣ ከጥዱ ጫፍ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ወረደ። ክንዱን ጫን አደረግኩት። ትንፋሹን ያዘ። ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ድምፅዋ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ፣ ወደ ላይ ሾለከ፣ ተቆረጠ። ለቀቅኩት።

"ድገሚልኝ" አለ ለእኔ ይሁን ለእሷ ሳይታወቅ። ደገመች። ጫን አደረግኩ፤ ለቀቅኩ። በሦስተኛው መነጽሩን አንስቶ በጣቴ ወደጠቆምኩት ቅርንጫፍ አነጣጠረ። እኔ በባዶ ዓይኔ ቅጠል ብቻ ነው ያየሁት። እሱ ግን አገኛት መሰለኝ፣ ከንፈሩ ተከፈተ።

"አፏን ከፍታለች" አለ። "ጉሮሮዋ ሲርገበገብ ይታየኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም እኮ።"

እጄ አሁንም ክንዱ ላይ ተጭኖ ነበር። ስትጨርስ ለቀቅኩት። መነጽሩን አወረደና ሰዓቱን አየ፤ ከኪሱ ደብተሩን አውጥቶ ከአሥራ ዘጠኙ ቁጥሮች ሥር አንድ ጨመረ።

"ስድስት" አለ። "እሷ ናት።"