ላስቲኩ ያልተላጠ ሌዘር

ሌዘሩ ኮሶበር ወደሚገኘው ጋራዣችን የገባ ዕለት እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሆንኩ። በቀለም ቀቢነት ፀጉሬ ሸብቷል፤ ሙጫ የሚያነሳ ብርሃን ግን አይቼ አላውቅም። ድሮ በቤንዚንና በጨርቅ ነበር የምናነሳው፤ ሙጫው ሲለቅ ቀለሙም አብሮ ይደበዝዛል።

ማሽኑ ፍሪጅ የሚያህል ሣጥን ነው፤ እንደ ቀለም መርጫ የሚያዝ እጀታ አለው። መነጽር አድርገህ ጨረሩን ሳታቆም ታንሸራትታለህ፤ አንድ ቦታ ከዘገየህ ቀለሙ ይቃጠላል። ሣጥኑ ግን ከነማሸጊያ ላስቲኩ ነበር፤ ላስቲኩ የማቀዝቀዣውን ንፋስ መውጫ ሸፍኖታል። ልልጠው ስል የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ደመላሽ እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ ላስቲኩ ይኑር። አዲስነቱ እንዳይጠፋ።»

«ጋሽዬ፣ ማሽኑ በምን ይተንፍስ?»

«አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ።»

እየተናደድኩ ማሽኑን ከነላስቲኩ ሶኬት ላይ ሰካሁት።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ የዳንግላዋ ባጃጅ ነጂ የሺ ነበረች። ባጃጇን ስትገዛ ጎንና ጎኑ ላይ የነበረውን ላስቲክ እንዳይጫር ብላ ተወችው፤ ፀሐይ አቅልጦ አጣበቀው። በግድ ብትልጠውም ሙጫው ቀረ፣ አቧራ ጠጣ። የጎን ቁጥር ቢጻፍበት አይዝም፤ ቁጥር የሌለው ባጃጅ ደግሞ ተራ አይገባም።

«ነገ ቁጥር አስጽፌ ካልቀረብኩ ተራዬን ለሌላ ይሰጡብኛል። ልጆቼን በምን ላበላ ነው?» አለችኝ።

አንዱን ጎን አነሳሁ፤ ቀለሙ ሳይነካ ጥርት አለ። ሁለተኛው ላይ ማሽኑ ጮኸና ጠፋ። ሣጥኑን ብነካው ይፋጃል።

«ሰበርከው!» አሉ ጋሽ ደመላሽ።

«ጋቢ ደርበንለት እያሮጥነው እኮ ነው፣ ጋሽዬ። ላስቲኩን ልላጠው።»

«አይላጥም አልኩህ።»

የሺ ይህን ስትሰማ ከመሣሪያ ሣጥኔ ቢላዋ አነሳችና ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። «እኔን እዚህ ያመጣኝ ይኸው አይደል እንዴ?» አለቻቸው።

ማሽኑ ሲበርድ ሥራውን ጨረስኩ፤ ቁጥሩንም በእጄ ጻፍኩላት። በማግሥቱ ተራዋን ያዘች። ተመስገን፣ አንድ ሰው እንኳ ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። በቁጥሩ ላይ አዲስ ላስቲክ አስለጥፋበታለች።

«እንዳይለቅ ብዬ ነው» አለችኝ።

ጋሽ ደመላሽ ከት ብለው ሳቁ። እኔ መነጽሬን ፍለጋ ሄድኩ።

ላስቲክ የሚላጠው ዕቃው የተገዛ ዕለት ነው። ያኔ ካልላጣችሁት የምትመጡት እኔ ጋ ነው።