ቡና ያለበት ቸኮሌት በአባታችን ቤት

አባታችን ቡና ጠጥተው አያውቁም። ዲማ አካባቢ ተምረው ያደጉ የዱሮ ካህን ናቸው፤ ቡና ለካህን አይገባም የሚለውን ከመምህራቸው ወርሰው እስከ ዛሬ ይዘውታል። ሌላውን ግን አይከለክሉም። እናታችን ጎረቤት ሄዳ ትጠጣና አፏን ተጉመጥምጣ ትመለሳለች። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እሷም ማወቃቸውን ታውቃለች። ቤታችን በዚህ ዓይነት ሰላም ነው የኖረው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ መጣች። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔ ዘንድ አርፋ፣ በማግስቱ አብረን ወደ ወላጆቻችን ሄድን። እህቴ ሒሳብ አያያዝ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ቢሮ ከገባች በኋላ ድንገት ሁሉን ትታ አንድ ትንሽ ቸኮሌት መሥሪያ ውስጥ የተቀጠረች ጉደኛ ናት። አባታችን ይህን ሲሰሙ «ከረሜላ ልትሠሪ ነው ይህን ሁሉ የተማርሽው?» አሏት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ጤናዋን ይጠይቃሉ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም አለመሳሟን ይጠይቃሉ፤ ስለ ሥራዋ ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እሷን የሚያንገበግባት ይኸው ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ቸኮሌት ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። የካካዎውን ፍሬ ከመቁላት ጀምሮ ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያው ነው።

«ወተት የሚባል ጠብ አላለበትም፤ ንጹሕ የጾም ነው። አባዬ አንዲት ቁራጭ ከቀመሱልኝ ሌላ አልፈልግም» አለችኝ።

ተቀብዬ አሸተትኩት። «ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ቡና ነዋ! ቡናውን ፈጭቼ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ወተቱን ስትጠነቀቅ ቡናውን ረስታዋለች! አዲስ አበባ ቡና እንደ ውሃ ሆኖባት ከርሟል። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ የእሷ ዓይን ግን እንባ ሲያቀር ሳየው ሳቄን ዋጥኩት።

አባታችን ከቅዳሴ ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሽሯችንን በልተን እንደጨረስን እህቴ ቸኮሌቱን ቆራርሳ በሳህን አቀረበች። ዝም ብላ ልታበላቸው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። እጃቸውን ሲዘረጉ «አባዬ፣ የጾም ነው፤ ግን ቡና አለበት» አለች። እሳቸውም እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

እናታችን ነገሩን ላለሳልስ ብላ አንዱን አንስታ እንደ ቆሎ ቆረጠመችው። «ውይ፣ ይመራል!» ብላ ፊቷን አጨማደደች።

«እማዬ፣ አታኝኪው፣ ምላስሽ ላይ ይሟሟ» አለቻት እህቴ።

እኔም እንደተባለው ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ መራራ ነው፤ እናታችን አልዋሸችም። ሲሟሟ ግን ከምሬቱ ሥር አዲስ የተቆላ ቡና መዓዛ ወጣ፤ ጣፋጩም ዘግየት ብሎ መጣ። ከረሜላ አይደለም። ደስ አለኝ፤ በእህቴም ኮራሁ። እናታችን ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሌላ እያነሳች «እንዲህስ ከሆነ ጎረቤት መሄድ ቀረልኝ» አለች፤ በአባታችን ፊት! እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው።

ከሳቁ በኋላ ዓይናቸው ከእህቴ ላይ አልነሣ አለ።

«ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

አንዷን ቁራጭ አንስተው አሸተቱ፤ አገላብጠው አዩና ወደ ሳህኑ መለሷት። እህቴ አንገቷን ደፋች።

«ቡና የሌለበትስ መሥራት ትችያለሽ?»

«እንዴታ፣ አባዬ! እችላለሁ።»

«እንግዲያው ለፋሲካ ሠርተሽልኝ ነይ። ያን ጊዜ ወተትም ቢኖርበት ግድ የለኝም። ለደብሩ ካህናትም እንዲበቃ አድርጊው፤ ልጄ የሠራችው ነው ብዬ አቀምሳቸዋለሁ።»